ከፍቼው የሄድኩት ቧንቧ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ቢቸና ስልጠና ገብቼ ቁጭ ብያለሁ... ስልኬ ነዘረ። ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሞጣ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እኔ ልክ ከሱቃቸው በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ሐጂ ያለ ጉዳይ ስለማይደውሉ ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

«ልጄ፣ የት ነሽ?» አሉኝ።

«ቢቸና ነኝ ሐጂ፣ ስልጠና ላይ። በደህና ነው?»

«ደህና ነው። የቤትሽን ቁልፍ የያዘ ሰው አለ?»

«የለም፣ እኔው ጋ ነው።»

«እሺ... ውሃ መጥቷል።»

ይቺን ሲሉኝ ክው አልኩ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ሕንጻችን ላይ ውሃ ከጠፋ ስምንተኛ ቀኑ ነበር። በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ሰው ይህን አመል ያውቀዋል... ቧንቧውን ከፍታችሁ ትተዉታላችሁ፣ ሲመጣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ተሯሩጣችሁ ትቀዳላችሁ። እኔም የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቼ ከረምኩ። የዚያን ዕለት ጠዋት መኪና እንዳያመልጠኝ ስቸኩል መዝጋቱን ረሳሁት። መርሳት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር... የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ ደግሞ በረሮ እንዳይወጣበት ብዬ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልዬ ጥርቅም አድርጌ ደፍኜዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ብልጥ ነኝ።

«ሐጂ፣ ሱቅዎ ውስጥ እየፈሰሰ ነው?»

«ትንሽ ይንጠባጠባል። መብራቱን አጥፍቻለሁ፣ አትስጊ።»

ሐጂ «ትንሽ» ካሉ ብዙ ነው። ያ ሱቅ እስከ ጣሪያው ጣቃ ጨርቅ የተደረደረበት ነው፤ ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በእሱ ነው።

«በሩን ያሰብሩት» አልኳቸው።

«አንቺ በሌለሽበት በርሽን አላሰብርም።»

«እሺ፣ የውሃ ቆጣሪው ጋ ያለውን የኔን ቤት ማጥፊያ...» ብዬ ስጀምር ትዝ አለኝ። ያ ማጥፊያ ከዛገ ቆይቷል፣ ቢያዞሩት አይዘጋም። ሐጂ ራሳቸው ሁለት ጊዜ «ልጄ፣ ይሄን አስቀይሪው» ብለውኛል። እኔም ሁለት ጊዜ «እሺ ሐጂ» ብያለሁ። አሁን ግን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረው የሕንጻው ዋና ማጥፊያ ነው።

«እንግዲያውስ ዋናውን ይዝጉት። እርስዎ ሱቅ በር ላይ አይደል ያለው?»

እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

«ሦስተኛ ፎቅ አራስ አለች። ስምንት ቀን ሙሉ የልጇን ጨርቅ የምታጥብበት አጥታ ከርማ ዛሬ ነው ውሃ ያየችው። ሰው ሁሉ እየቀዳ ነው። አሁን ብዘጋው፣ ስከፍተው ውሃው ይጠብቀናል? እኔ ዕቃዬን አወጣለሁ። አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ።»

ስልኩን ዘጉት።

ከስልጠናው አስፈቅጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም ወርጄ በእግሬ ልሂድ ምንም አልቀረኝም። አንዴ ሱቃቸው፣ አንዴ አራሷ፣ አንዴ ያቺ የዛገች ማጥፊያ ትመጣብኛለች። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «አመመሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «አይ፣ ቧንቧ ከፍቼ መጥቼ ነው» አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ሞጣ ስደርስ ውሃው ራሱ ሄዷል። የሐጂ ሱቅ ግማሹ በረንዳ ላይ ወጥቷል፤ የደረጃው ብረት ላይ የረጠበ አቡጀዲ ተሰጥቷል። ጎረቤቱ እየቀዳም እየተሸከመም አግዟቸዋል። ሐጂ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ አምፖሉ የተሰቀለበት ቀዳዳ ሥር ባልዲ ደቅነው ተቀምጠዋል። አሁንም ይንጠባጠባል። ባልዲው ሲሞላ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጣሉ።

«ሐጂ... ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«ሁለት ጣቃ ነክቶብኛል። ሌላው ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። በይ ሂጂ፣ ቤትሽን እይ።»

በሬን ከፈትኩ። ጫማዎቼ ሳሎን ውስጥ ተንሳፍፈዋል፣ ምንጣፉ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ያንን ጉደኛ ጨርቅ ከመውረጃው ነቀልኩት። ቤቱ ውስጥ ያልራሰ ነገር የለም... ባልዲዎቼና ጀሪካኖቼ ግን ጥግ ይዘው ባዷቸውን ተደርድረዋል። ስምንት ቀን የጠበቅሁት ውሃ መጥቶ ሲሄድ አንድ ጣሳ እንኳ አልያዝኩም።

ወለሉን ጠርጌ ስወርድ ሐጂ ሦስት ሙሉ ጀሪካን በሩ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«ይሄ ያንቺ ነው። ከጣሪያ የወረደ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ ለወለልና ለልብስ ይሆንሻል።»

«ሐጂ፣ የተበላሸውን ጨርቅ እኔ እተካለሁ።»

«ማጥፊያውን አስቀይሪ። ሌላ አልፈልግም።»

በማግስቱ አስቀየርኩ። ትርፍ ቁልፌንም እሳቸው ጋ አኖርኩ። እናንተም ውሃ ጠፍቶ ከቤት ስትወጡ ቧንቧችሁን ሁለቴ እዩት፣ የሕንጻችሁንም ማጥፊያ ሳይቸግራችሁ ሞክሩት።

ያን ዕለት ከሕንጻው ሰው ውሃ ሳልቀዳ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ... የቀዱልኝም ሱቃቸውን ያጥለቀለቅኩባቸው ሰው ናቸው።