ይደርስሻል

ባለፈው ሳምንት በጣና ዳር ሳልፍ፣ ታንኳ ሠሪዎች ያጨዱትን ደንገል ፀሐይ ላይ አስጥተውት ነበር። እርጥብ ደንገል ጭቃ ጭቃ፣ ሣር ሣር ይሸታል። ወዲያው ያ የሰሞኑ እሳት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴ ላይ ወጣ። በጠዋት፣ በዚያ ንፋስ፣ ላብ በላብ ሆንሁ። ነጠላዬን ገልጬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና እትዬ ማንጠግቦሽን አስታወስሁ። እሳቸውን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሹም አቦ ሰፈር ሳለን አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በረንዳቸው ላይ የእግር የስፌት መኪና አስቀምጠው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የካኪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ሜትር ከአንገታቸው፣ ቀልድ ከአፋቸው አይጠፋም። እኔን ሲለኩ «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትረዝሚ? ጨርቁ ተረፈኝ እኮ» ይሉኝ ነበር። ከእናቴ ጋር አንድ የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅም አልነበራቸው፤ ዘመዳቸው ያ ማኅበር ነበር።

ሃምሳ ሊሞላቸው ሲል ጠባያቸው ተለወጠ። መስፋቱን እያቆሙ፣ ከደንገል በሠሩት ማራገቢያ ፊታቸውን ሲያራግቡ ይውላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ቅጥሩ ውስጥ መግባት ተዉ፤ ከውጭ በሩ ጥግ ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። አንድ ሰሞን ቢሆን የወር አበባዋ ላይ ናት ተብሎ ይታለፋል፤ እሳቸው ግን ውጭ እንደቆሙ ወራት አለፈ። ይባስ ብሎ በሁዳዴ፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ቧንቧ ሥር ውሃ ሲጠጡ እናቴ አየቻቸው። ምን ነካሽ ብትላቸው ትንሽ አሞኝ ነው አሉ። ዛሬ ሲገባኝ፣ ደማቸው ሲሻው ወራት ጠፍቶ ሲሻው ሳይታሰብ እየመጣ፣ እርግጠኛ ሳይሆኑ መግባት ፈርተው ነበር። ይኼን አውጥቶ ከመናገር መሞት ይቀል ነበር ያኔ። ሃይማኖቷን ቀይራለች ተባለ፤ ወሬውን እንደ እናቴ ያራገበው የለም።

የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት የዋለ ዕለት፣ ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነበር። ብቅሉን አዘጋጅተው፣ አዲስ ቀሚስ ሰፍተው ለብሰው መጡ። ጽዋ በባዶ እጅ አይነካምና፣ ማኅበሩ ሲያልቅ ተነሥተው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። እናቴ ጽዋውን አንሥታ እሳቸውን አልፋ ከጎናቸው ላሉት ሴት ሰጠች። የዘረጉት ነጠላ ባዶውን ቀረ።

ብዙም ሳይቆዩ የስፌት መኪናቸውን ሸጠው መራዊ ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሄዱ ማራገቢያውን በአጥር ላይ ለእናቴ አቀበሏት።

«ያዥው፤ ይደርስሻል» አሏት።

እናቴ እርግማን መሰላት፤ አማተበች። ማራገቢያው ግን ደህና ነበርና ከሰል ታራግብበት ጀመር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ከምድጃው አንሥታ ወደ ፊቷ አዞረችው። ላቧ ይንጠባጠባል። «ለካ እርግማን አልነበረም» አለች። ለማኅበሩ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ጨጓራዬ ነው ስትል ኖረች። እትዬ ማንጠግቦሽ ስማቸው እንደጎደፈ መራዊ ተቀበሩ። እናቴን በዚህ ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸቴን ነው።

ዛሬ በእናቴ ቦታ ማኅበሩን የምጠጣው እኔ ነኝ። ጣና ዳር ባለፍሁበት በዚያው ሳምንት ጽዋው እኔ ቤት ዋለ። ማራገቢያውን ከጽዋው አጠገብ አኖርሁት። የማን ነው ሲሉኝ ስማቸውን ጠራሁ፤ ለምን ከቅጥር ውጭ እንደቆሙ፣ ደሙንም ሙቀቱንም ሳላድበሰብስ ነገርኋቸው። በአጠገቤ ያለችው ሴት እጇን ሰድዳ ማራገቢያውን አነሣች፤ ፊቷን አራግባ ለቀጣይዋ ሰጠች። እየዞረ ከጥግ ደረሰ። ያን ጊዜ ጽዋውን የተቀበሉት ሴት አርጅተው እዚያ ተቀምጠዋል። ቀና አላሉም። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ተቀበሉት።