አስራ ሁለቱ ቃላት በመዘምራን አፍ

ጭሮ ውስጥ ቢራቱን የማያውቅ ቢኖር ስልኩ ተበላሽቶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሰውዬው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ እሁድ ደግሞ የመዘምራን መሪ። ጭንቅላቱ ግን ወንፊት ነው። የልጁን ልደት እንኳ የሚያስታውሰው ዜማ ስለሠራለት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከጌድዮን ጋር የዲጂታል ገንዘብ መዝገብ የሆነውን የብሎክቼይንን ደህንነት በኢንተርኔት መማር ጀመሩ። የጀማሪውን ክፍል እንደምንም አለፉ፤ መካከለኛው ግን አሳራቸውን አሳያቸው። በመጨረሻው ፈተና ለእያንዳንዱ ተማሪ የመለማመጃ ሳንቲም ያለበት ዲጂታል ቦርሳ ተሰጠው። ቦርሳውን የሚከፍቱት ፕሮግራሙ የመረጣቸው አስራ ሁለት ቃላት ናቸው። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ሳንቲሙን ሳያዘርፍ ቦርሳውን በቃላቱ የከፈተ ሰርተፍኬት ያገኛል። የሌላውን መዝረፍም አልተከለከለም፤ የተዘረፈ ይወድቃል፣ የዘረፈ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ቢራቱ ደግሞ ሰርተፍኬቱን ካመጣ የኮምፒውተር አስተማሪነት ሥራ ተስፋ ተሰጥቶታል።

ወረቀት ላይ ቢጽፍ ጌድዮን ሱቁ ይገባል፤ ስለዚህ ዜማ ሠራለት። «ፍየል፣ ጃንጥላ፣ ወንዝ፣ መሰላል…» እያለ ስልክ ሲፈታ ያንጎራጉራል። ዘማሪዋ ኮከቤ ስልኳን ልታሠራ መጥታ ሰማችውና በሌላኛው ስልኳ ቀዳችው።

እሁድ ጠዋት ኮከቤ ማይኩን ያዘች። «ወንድማችን ቢራቱ በትሕትና የደበቀውን አዲስ መዝሙር አጥንተንለታል!»

ድምፅ ማጉያው «ፍየል፣ ጃንጥላ» ብሎ አስፋልቱ ድረስ ሲያስተጋባ ቢራቱ ክው አለ። ሽማግሌው ኦቦ ጂሬኛ ብድግ ብለው «ፍየሎቹ እኛ ነን፤ ጃንጥላው ጸጋው ነው!» አሉ። ጉባኤው አሜን አለ።

መሰላሉ ላይ ሲደርሱ ኪቦርዱ ቆመ። ጌድዮን ስልኩን እያወጣ ነበር።

ቢራቱ መካከለኛውን ክፍል በከንቱ አልተማረም፤ ምስጢር ከወጣ መፍትሔው በአዲስ ቃላት አዲስ ቦርሳ ከፍቶ ሳንቲሙን ማሻገር ነው። ተንበረከከና ከአግዳሚው ሥር ስልኩን ይነካካ ጀመር። ላቡ ከእንባው ተቀላቀለ። «መንፈስ ነካው» ብለው እናቶች አብረውት አለቀሱ። አስራ ሁለተኛው ቃል ሲዘመር ሳንቲሙ ተሻግሯል፤ ጌድዮን የከፈተው ባዶ ቦርሳ ሆነ።

ቢራቱ ተመስገን ሳይል አዲሶቹን አስራ ሁለት ቃላት አንዴ አያቸውና ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

«ቢራቱ፣ ኮቱ፣ ና ወደዚህ» ብለው ጂሬኛ ማይኩን ዘረጉለት። «ዛሬ ተነክተሃል። አዲስ የተሰጠህ ካለ አትደብቀን።»

ሰዓቱ ገና አራት ተኩል ነው። ጌድዮን ወደ ኪቦርዱ ተመልሶ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ቢራቱ ቃላቱ አንድ በአንድ ከራሱ ሊበሩ ሲሉ ተሰማው፤ ካላዜማቸው ስድስት ሰዓት ላይ አንዱም አይገኝም። ዓይኑን ጨፈነና «አህያ፣ ድልድይ…» ብሎ ጀመረ።

መዝሙሩ ዛሬ ሂርና ድረስ ይዘመራል። ሰርተፍኬቱ ጌድዮን ቤት ተሰቅሏል።