የእናቴን ወለል ማን አረጠበው

እናቴን ያለ ጥፋቷ ወነጀልኳት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ግንበኛው ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት።

መርሳ ያለው የእናቴ ቤት ወለል ተሰነጣጥቆ ስለነበር አስፈርሼ እንደገና ሲሚንቶ አስሞላሁት። የምሠራው ወልድያ ስለሆነ ሥራው ላይ መቆም አልቻልኩም። ግን ከሲሚንቶው በታች የሚነጠፈውን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ራሴ ገዝቼ፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ አመጣሁ። ለግንበኛውም «መሬቱ ውሃ ያዘለ ነው፤ ይቺን ሳታነጥፍ አንድ አካፋ ሲሚንቶ እንዳታፈስ» ብዬ በእጁ ሰጠሁት። እሺ አለኝ። ስመለስ ሊሾው ፊት የሚያሳይ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ግንበኛውን መርቄ ሄድኩ።

ወር ሳይሞላ የእናቴ መስገጃ ከስሩ ሻገተ። ግንበኛውን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ውዱእ የሚያደርጉት እዚህ ጥግ ላይ ነው አይደል? በቀን አምስቴ ውሃ እየፈሰሰበት እንዴት ይድረቅ?»

እናቴ አፈረች። ጉልበቷ እምቢ ስላላት በገዛ ቤቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋ አስቀምጣ የምትታጠብ ሴት! ውሃው የሚጠራቀምበት ሳፋ ፊቴ ተገትሮ እያየሁ እኔም «እማ፣ በቃ ውጭ አድርጊ» አልኳት። ማንቆርቆሪያዋንና ሳፋዋን ይዛ ወጣች።

ክረምት ነበር። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሳይቀድ ስትነሳ ግድግዳውን እየተደገፈች ጭቃው ላይ ትወርዳለች። አንድ ማለዳ አዳልጧት ለጥቂት እንደተረፈች የሰማሁት ከጎረቤት ነው፤ እሷ አልነገረችኝም።

ወለሉ ግን አልደረቀም። ጭራሽ ባሰበት። የነቃሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ እኮ ግራና ከተማ ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። ጆንያ ከመደርደራችን በፊት ወለሉ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ዘርግተን ዙሪያውን በፕላስተር እናሽገዋለን። ከቀናት በኋላ ስናነሳው ከስሩ ጠብታ ከታየ ውሃው የሚመጣው ከመሬት ነው። ለማሽላ ያደረግኩትን ለእናቴ አላደረግኩም!

እናቴን ወልድያ እህቴ ዘንድ ወሰድኳት። ከዚያ ሁለት ላስቲክ አሸግኩ፤ አንዱን የምትታጠብበት ጥግ፣ ሌላውን ከአልጋዋ ስር፣ ጠብታ ውሃ ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴንም ግንበኛውንም ይዤ ገባሁ። ሁለቱም ላስቲኮች ከስራቸው አልቧቸዋል። የአልጋውን ስርማ ሳነሳው ውሃው ተንጠባጠበ።

«ቤቱ ተዘግቶ ነው የሰነበተው። እዚህ አልጋ ስር ማን ውዱእ አደረገ?» አልኩት።

መሮና መዶሻ አንስቼ ጥጉን ፈለጥኩት። ከሲሚንቶው ስር ያገኘሁት እርጥብ አፈር ብቻ ነው።

«ላስቲኩ የት ገባ?»

የመለሰችልኝ እናቴ ናት። «ውይ ልጄ! ያን ሰሞን ጎረቤት ሰው ሞቶ፣ የለቅሶው ድንኳን እያፈሰሰ ሰዉ ዝናብ ሲመታው፣ ውሰዱ ያልኩት እኔ ነኝ። እስኪመለስ ይጠብቃል ብዬ እኮ ነው፣ ወላሂ።»

«ሲሚንቶው ተቦክቶ ነበር» አለ ግንበኛው። «ደሞስ ለቅሶ ላይ የተዘረጋ ላስቲክ አንሱልኝ ይባላል?»

አይባልም! እኔም ብሆን አልልም፤ ላስቲኩንም እሰጥ ነበር። የተጣላሁት በዚህ አይደለም። ስልክ ነበረው። ሌላ ላስቲክ ላክልኝ ቢለኝ በማግስቱ ይደርሰው ነበር። ከስር ምን እንደሌለ እያወቀ መጥቶ፣ ወለሉን በጣቱ ነካክቶ፣ እናቴን አሳፈራት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ጥፋቱን ከመናገር በአንዲት አሮጊት ውዱእ ማሳበብ ቀለለው! ይኼን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኩት። አቀርቅሮ አፍርሼ እሠራዋለሁ አለ። እኔ ግን መጮሄን አላቆምኩም።

እናቴ ከኋላዬ እጅጌዬን ነካ አደረገችኝ። የዙሁር ሶላት ደርሶ ማንቆርቆሪያዋን ከደጅ አንስታ ይዛለች።

«ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ አሁን እዚህ ባደርግ ትቆጣለህ?»