በመስታወት የታሰረችው መኪና

አባቴ ኦርቪል ታድሎክ ባለፈው የካቲት ተቀበረ። ጋዜጣው «የመኪና ሻጭ» ብሎ ጻፈለት። ትክክል ነው፤ እንዴት ሻጭ እንደሆነ ግን አልጻፈም።

በኦማሃ፣ ፋርናም ጎዳና ላይ ያለው የሬንኬ መኪና መሸጫ ከመጀመሪያውም ለመታየት የተሠራ ሕንፃ ነው። ፊቱ ነጭ ሸክላ ነው፤ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ክንፍ ያላቸው ጎማዎች ተቀርጸዋል። ዓምዶቹን ሰው ሁሉ እብነ በረድ ይላቸዋል፤ ቀለም የተቀባ ኖራ ናቸው። የባለቤቱ የሚስተር ሬንኬ ልብ ያለው ግን ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ወጥ በሆነው የመስኮት መስታወት ላይ ነበር። እሱን የሚወለውለው ያኔ የጽዳት ሠራተኛ የነበረው አባቴ ነው።

አንድ ጸደይ በረዶ መስታወቱን ሰበረው። አዲሱ እስኪመጣ ሬንኬ በዚያ ዓመት ከወጡት ሁሉ ረጅሟን መኪና በክፍተቱ አስገባ፤ ከዚያ መስታወቱን አስገጠመ። እንዴት እንደምትወጣ ማንም አላሰበም። ለማሳያ የቆመች መኪና አትሸጥም፤ ገዢ እሷን አይቶ ከፋብሪካ ያዝዛል። ወደ ጋራዡ የሚያወጣው በር ደግሞ በዓምዶቹ መሃል ስለሆነ አጭር መኪና ካልሆነ አይታጠፍበትም።

ሻጮቹ ምሳ ወጥተው ሳለ ወይዘሮ ባስኮም የምትባል ሀብታም መጣች።

«ይቺን ነው የምፈልገው። ቅዳሜ ልጄ ታገባለች፣ በሷ ነው የምትሄደው።»

«ይቺው ትሆናለች እመቤቴ» አለ አባቴ፣ መወልወያውን ከጀርባው ደብቆ።

ሬንኬ ሲሰማ ፊቱ ደም መሰለ። «በየት ልታወጣት ነው? በጭስ ማውጫው?»

«እሱን ለኔ ይተዉት ጌታዬ።»

«እሺ! ከወጣች ሻጭ ነህ። ካልወጣች አንተ ትወጣለህ። መስታወቴን ብትነካ ደግሞ ወዮልህ!»

አባቴ ወደ ወይዘሮዋ ቤት ሄደና ሰርጉ ለምን እዚያው መሸጫው ውስጥ እንደማይደገስ ጠየቃት፤ ከተማው ሁሉ በመስኮቱ ያያል። ሴትዮዋ መታየት ነፍሷ ነው። ሬንኬም ደጁ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሲያስብ ተስማማ።

ቅዳሜ ሙሽሮቹ ጣሪያዋ የተከደነው መኪና ውስጥ ገቡ፤ ሞተሩ ተነሳ። ያኔ እኛ ዘንድ ሙሽሮች ሲሸኙ ለዕድል አሮጌ ጫማ ይወረወርላቸው ነበር። ጫማውን ያደለው አባቴ ነው። ለእንግዶቹ የጨርቅ ነጠላ ጫማ ሰጠ፤ ለሬንኬ ግን ጫፉ ብረት የሆነ የመካኒክ ቦት። እናቴ የግራ እግር ነበር ትላለች፣ አባቴ የቀኝ ይል ነበር። አሁን አባቴ ስለሌለ ላስታርቃቸው አልችልም።

«ይሄ ይከብዳል እኮ!» አለ ሬንኬ።

«የቤቱ ጌታ ሸበጥ ሲወረውር ሰው ምን ይላል? ደግሞ በወጣትነትዎ ቤዝቦል ላይ ኳስ መወርወር ይችሉ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ነበር? ነበር አልክ? ዞር በል!»

ቦቱ ከመኪናዋ በላይ በርሮ መስታወቱን መሃሉ ላይ አገኘው። የተጎዳ የለም፤ ደጅ የቆመውን ሕዝብ አባቴ «ፎቶ ይነሳል» ብሎ ቀድሞ ወደ ማዶ አሻግሮት ነበር። ስብርባሪውን ጠረገ፤ ከመስኮቱ ደፍ እስከ መንገዱ ሁለት ሳንቃ አጋደመ። ሳንቃዎቹ እንዴት እዚያ እንደተገኙ የጠየቀ የለም። መኪናዋ በጭብጨባ ወጣች።

ሬንኬ እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል።

«ታድሎክ!»

«እኔ አልነካሁትም ጌታዬ።»

ሰኞ አባቴ ባልዲውንና መወልወያውን ለሌላ ሰው አስረከበ።