ጥቁሩ ጨርቅ የዋጠው ጽሑፍ

ሲኒማ ቤት ውስጥ ኦፕሬተርን የሚያመሰግን የለም። ፊልሙ ካማረ ተዋናዩ ይመሰገናል፤ ከተበላሸ ግን አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ፣ ወደዚያች ትንሽ መስኮት ያፏጫል። ተኽላይ በሠላሳ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድም ቀን አልተፏጨበትም። ይህን በአፉ አይናገርም። ከኡራኤል ወረድ ብሎ ባለው በዚያ አዳራሽ የሚሠራ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ከውቅሮ አዲስ አበባ የገባው በሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቀበል ነበር። ቀጥሎ አባዲ የሚባሉት ሽማግሌ ኦፕሬተር ምሳ ሲወጡ ማሽኑን የሚጠብቅ ሆነ፤ ከዚያ ጥቅል ፊልም ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ፤ በመጨረሻ ራሱ ኦፕሬተር። አባዲ ሥራውን ሲያስረክቡት አንድ ነገር ብቻ ነገሩት። «ማሽኑ አይጠፋህም፤ ሰው ግን እንዳይጠፋህ። ሁልጊዜ እታች ወርደህ ሰው በሚያይበት ዓይን እይ።» ተኽላይ ይህን ቃል አንድም ቀን አላፈረሰም። ማንኛውም ፊልም ከመታየቱ በፊት ወርዶ ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሞክረዋል።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጥቅል ፊልም ቀረ። ፊልም መዳፍ በምታህል ሳጥን ውስጥ ተጭኖ መምጣት ጀመረ፤ ማሽኑም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆነ። እኩዮቹ «ከዚህ በኋላ የልጆች ሥራ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ተኽላይ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሜክሲኮ አደባባይ መንገድ ላይ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዛና የማሽኑን የእንግሊዝኛ መመሪያ በቀን አንድ ገጽ ያነብ ጀመር። ሲጨርሰው ዓመት አልፎ ነበር። የተረዳውን ሁሉ በአማርኛ የጻፈባት ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር ዛሬም ማሽኑ አጠገብ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «የፊልም መልክ ሁለት ነው። ስኮፕ እንደ አግዳሚ ወንበር ረጅም ነው። ፍላት እንደ መስኮት አጠር ይላል። አግዳሚ ወንበሩን በመስኮት አታስገባ፤ መስኮቱንም ጎትተህ አግዳሚ አታድርገው።»

የአዳራሹ ስክሪን የተሠራው በስኮፕ ልክ ነው። ፍላት ፊልም ሲመጣ ግራና ቀኝ ባዶ ይቀራል፤ ያንን ባዶ ለመሸፈን ከሁለቱም በኩል ጥቁር ጨርቅ ይሳባል። የመሳቢያው ሞተር ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ተኽላይ ራሱ በገመድ ይስበዋል፤ ወለሉ ላይ ማቆሚያውን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎበታል።

ዳናይት ፊልሟን ይዛ የመጣችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፤ በትግርኛ የተሠራ፣ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ያለው። ታሪኩ ቤቷ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የደረሳት አንዲት እናት የድሮ ቤቷን በር ነቅላ፣ ተሸክማ አዲሱ ቤቷ ድረስ ስለመውሰዷ ነው። አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ በእንግዳ ይሞላል፤ ከእንግዶቹ አብዛኞቹ ትግርኛ አይሰሙም። ፊልሙን ከወደዱት በየከተማው የሚያሳዩላት ሰዎችም በዚያ ይገኛሉ። ወደዱት ማለት ፊልሙ ወጣ ማለት ነው፤ ካልገባቸው ግን ሦስት ዓመት የለፋችበት ሳጥን ውስጥ ቀረ።

«አቦይ ተኽላይ፣ በእጅዎ ነኝ» አለችው።

«በደህና እጅ ነሽ፣ ልጄ።»

የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ዘአማኑኤል ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። «ጋሽ ተኽላይ፣ ዛሬ ያንን ጥቁር ጨርቅ እንዳላየው። እንግዳ ጠርተን ግማሽ ስክሪን ስናሳይ፣ ማለቴ፣ ሰው ምን ይለናል? ሙሉውን ሙላልኝ በቃ።»

ፍላትን በስኮፕ ስክሪን ላይ መሙላት ማለት ምስሉን ማሳደግ ነው፤ ሲያድግ ደግሞ ከላይና ከታች ይፈሳል። ተኽላይ በደህናው ቀን ቢሆን እምቢ ይል ነበር። ያን ዕለት ግን የእጁን ጥበብ ሊያሳይ ፈለገ መሰል፣ ምስሉን አሳድጎ በጥንቃቄ ወደ ታች አወረደው። ከተዋናዮቹ የማንም ፀጉር አልተነካም። የሚፈሰው ሁሉ ከሥር ሆነ፤ እዚያ ደግሞ ወለልና ጫማ እንጂ ፊት የለም።

ሦስቱም ታች ተቀምጠው ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት። ተኽላይ እናትየዋ ባዶውን ግቢ ዞራ ስታይ እንባውን በመሐረብ ጠረገ። ዘአማኑኤል «ይኼ ነው ስክሪን!» አለ። ዳናይትም ሥራዋን እንዲህ ገዝፎ አይታው አታውቅምና ደስ ብሏት እንግዶቿን ለመቀበል ወጣች።

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር። ተኽላይ ከወንበሩ ሲነሳ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጀማነሽ መወልወያዋን ተደግፋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ቆማ አያት።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ግን በሩን የት ልታደርገው ነው የተሸከመችው?»

«አላየሽም እንዴ? ለዘበኛው ነገረችው እኮ።»

«ነገረችው፤ በእናንተ ቋንቋ! እኔን ማን ነገረኝ? ከሥር ይጻፋል ሲሉ ሰምቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። አንድ ፊደል አላየሁም።»

ተኽላይ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጥቶ ፊልሙን አስነሳና በመስኮቷ ቁልቁል አየ። ጽሑፉ አለ። ግን ከስክሪኑ ወርዶ፣ ከሥር እስከ ወለሉ የተዘረጋው ሌላ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ጨርቁም ብርሃኑን እየዋጠ እንደሌለ አድርጎታል። ታች ተቀምጠው ያዩት ሦስቱም ትግርኛ ሰሚ ናቸው። በጆሯቸው እየሰሙ በዓይናቸው የሚፈልጉት አልነበራቸውም። «ሰው በሚያይበት ዓይን እይ» ያሉት አባዲ ትዝ አሉት። ታች ወርዶ የተቀመጠውስ ተቀምጧል፤ ያየው ግን በራሱ ዓይን ነው።

ማንም ሳያውቅ አስተካክሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ተኽላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይሆንለትም። ወደ በሩ ሄደና ዳናይትን ጠራት፤ ዘአማኑኤልም ተከትሏት መጣ።

«ልጄ፣ ጽሑፍሽን አጥፍቼው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያገኘችው ጀማነሽ ናት» አላትና ምክንያቱን ነገራት። ዳናይት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ታዲያ ጽሑፉን ብቻ ከፍ አድርገዋ!» አለ ዘአማኑኤል።

«ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። ስቱዲዮ ተመልሶ እንደገና መሠራት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሰዓት የለንም። ምስሉን ወደ ልኩ እመልሰዋለሁ።»

«ጥቁሩ ጨርቅ ሊዘጋ? ጋሽ ተኽላይ፣ ያፏጩብናል እኮ!»

«የሚፏጨው በእኔ ነው» አለ ተኽላይ። «ጨርቁ ይጥበብ እንጂ የዚህችን ልጅ ቃል አላጠብም።»

ዘአማኑኤል ዳናይትን አያት። እሷም «እሳቸው እንዳሉ» አለች።

ግራውን ገመድ ተኽላይ፣ ቀኙን ጀማነሽ ይዘው ሳቡ። «ነጩ ምልክት ላይ አቁሚው» ሲላት «ፊደል ባይኖርበትም ምልክት አይጠፋኝም» ብላ አሳቀችው። ከዚያ መሐል ወንበር ላይ አስቀመጣትና ከላይ በመስኮቷ ጮኾ ጠየቃት፦

«አሁንስ ምን አለች?»

«‹በሬን ለሰው አልሰጥም› አለች! እሰይ የኔ እናት!»

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መብራቱ ጠፍቶ ጠበብ ያለው ምስል ሲበራ፣ ከኋላ ረድፍ አንድ ረጅም ፉጨት ተሰማ። «ኧረ ስክሪኑን ክፈቱት!» አለ አንድ ድምፅ። ሌላም ተከተለው። የተኽላይ ጆሮ ጋለ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ደረሰበት። ማሳደጊያው ቁልፍ ከእጁ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

እናትየዋ በሩን በጀርባዋ አዝላ ከኮንዶሚኒየሙ ደጃፍ ደረሰች። ዘበኛው አስቆማት። «ምንድን ነው የተሸከሙት?» «በሬ ነው።» «ቤቱስ?» «እርጅና ይዞታል፤ ቀስ እያለ ይመጣል።»

ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ። መጀመሪያ የሳቁት አንባቢዎቹ ናቸው፤ ሴትዮዋ ተናግራ ሳትጨርስ ጽሑፉን ጨርሰውት ነበር። ትግርኛ ሰሚዎቹ ቃሉን እስኪሰሙ ጠብቀው ተከተሉ። ሁለቱ ሳቆች መሐል ላይ ተገናኝተው አዳራሹን ሞሉት። ተኽላይ በመስኮቷ አጎንብሶ አዳመጠ። ትግርኛ የማይሰማው ሰው ቀድሞ ሲስቅ ሲሰማ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ያ ያፏጨው ረድፍም አብሮ ስቋል።

ሲወጡ ዳናይት በየከተማው ፊልም በሚያሳዩት ሰዎች ተከብባ ነበር፤ ከመሐላቸው ሆና በእጇ ደረቷን ነክታ ከሩቅ እጅ ነሳችው። ደረጃው ሥር ደግሞ ጀማነሽ ከትኬት ሻጯ ጋር ትከራከራለች።

«እናትየዋ ግን ልክ አይደለችም! በሩን ልጇ ልሸከምልሽ ሲላት ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ደረጃ!»

«ኩራቷ ነዋ!»

«ኩራት ወገብ ይሰብራል፣ አንቺ!»

ተኽላይ ኮቱን ቆልፎ አጠገባቸው ደረሰ። ዘአማኑኤል «ያፏጨውን ሰውዬ ባውቀው...» ሲል ሰማ።

«ተወው» አለ ተኽላይ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የተፏጨብኝ ለዚህ ከሆነ ይሁን።» ከዚያ ወደ ጀማነሽ ዞሮ፣ «ሰኞ አዲስ ፊልም ይገባል። ሙከራው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ መወልወያሽን ትተሽ መሐል ወንበር ላይ ትጠብቂኛለሽ» አላት።

ቀና ብሎ የሰንጋ ተራ ታክሲ ወደሚያዝበት ሄደ።