አልበሳም ያሉት ጊታር ጠጋኝ

ደንበኞቻቸውን እንዳላሸሽባቸው ፈርቼ ይህን ሳልጽፈው ልቀር ነበር። ፒያሳ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ፣ ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ አዛውንት ጊታር ይጠግናሉ። ተራዬን ስጠብቅ ምብራት የተባለች ሙዚቀኛ የኤሌክትሪክ ጊታሯን አመጣች፤ ቀጫጭኖቹ ክሮች ሲመቱ ከቦታቸው ይወጣሉ። አዛውንቱ ክሮቹን ከጊታሩ አናት በኩል በግራ እጃቸው ጣት ሲጫኗቸው በቦታቸው ጸኑ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው አናቱን ብስት አድርገው ክሮቹን የሚጫን መጫኛ ይሰሩበት። ከአባቴ የቀረኝ ይህ ጊታር ብቻ ነው።»

«አልበሳም። በነበሩት ቀዳዳዎች የሚገቡ፣ ቁመታቸው እየቀነሰ የሚሄድ መቃኛዎች እቀይርልሻለሁ። ክሮቹን ወደ ታች ይዘው ያቆዩልሻል።»

«ፈሩ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«አዎ፣ ልጄ፤ ፈራሁ።»

ቀልድ መሰላት። እኔ ግን ቀኝ እጃቸው በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ተመለከትኩ። አልተሳሳትኩም።

እኚህ ሰው መታመን ይገባቸዋል።