ኮሌታው ላይ የቀባሁት ሽቶ

የወንዱ ልጄ ልጆች ሣጥኔን ሲጎረጉሩ ባዶ ጠርሙስ አገኙ፤ አሸተቱና አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። «እምዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? ንገሪን እንጂ» አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ትልቋ ትጻፍ፣ እኔ ልናገር።

የአክስታችሁ ሽቶ ነው። ባሌ ሲሞት አባታችሁን አገራችን መካነ ብርሃን ለእናቴ ትቼ፣ እሷን ጡት ያልጣለችውን አዝዬ ወጣሁ። ቅቤ እየነገድኩ ከገበያ ገበያ ስዞር ጀርባዬ ላይ ነው ያደገች። የአንገቷን ሽታ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ልጅ እለየው ነበር።

ጎንደር ተምራ ነርስ ሆነች። ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ጓደኞቿ የጽጌረዳ ሽቶ ሲቀቡ እሷ የራሷን ቀመመች፤ ከነጋዴ የገዛችው የጥርኝ ዝባድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የትንባሆ ቅጠል፣ ሁሉንም አረቄ ውስጥ ዘፍዝፋ አከረመችው። ጠርሙሱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የፍየል ጉረኖ ነው። ገላ ላይ ሲሞቅ ግን ዝናብ የመታው ኮርቻ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሸተውን ይሸታል። ውሎ ሲያድር ከሥሩ ማር ማር ይላል። እኔ እስከ ማሩ ድረስ የምታገሥ አልነበርኩም፤ መስኮት እከፍት ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ባልቴት በራችን ላይ ቆመው፣ «ምነው፣ ወጠጤ አስገባችሁ እንዴ? ሲታረድ እኛንም አትርሱን!» አሉ።

ልጄ ሳቀች። «እማማ፣ አበባ አበባ የሚሸትማ ሞልቷል። እኔ ገና ከመታጠፊያው ላይ ሳለሁ መጣች እንዲሉኝ ነው።»

«ኧረ መጣሽብን!»

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣቱ ሁሉ በሚታፈስበት ወራት። ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ያዟት። በምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እስር ቤቱ ደጃፍ በሳምንት አንድ ቀን ስንቅና የታጠበ ልብስ ይዘን እንሰለፍ ነበር። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ዘበኛው ስም ጠርቶ ያመጣነውን ያስገባል፣ ያደፈውን ልብስ ያወጣል። ያደፈ ልብስ የወጣላት እናት ልጇ አለ ማለት ነው፤ አቅፋው ትሄዳለች። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የተባለችው ደግሞ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትሄዳለች። ማልቀስ ክልክል ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛው፣ «ልጅሽ ሽቶዬን ላኪልኝ ብላለች። እዚህ ሰርግ ያለ መሰላት?» አለኝ።

«ጠርሙሱን ላምጣው ጌታዬ?»

«ጠርሙስ አይገባም!»

በነጋታው ሸሚዟን ኮሌታው ላይ ቀብቼ መጣሁ። ቀኑ አይደለም ብሎ ቢጮህብኝም ለመንኩት፤ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልቀባ የላክሁት ልብስ የለም። ያደፈው ሲወጣልኝ ከግንቡ ሥር ቁጭ ብዬ ፊቴን እቀብርበታለሁ። ሽቶ አለ፣ ላብ አለ። አለች እላለሁ። ያ የጠላሁት ሽታ እህል ሆነኝ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ሸሚዙ ሌላ ሰው ሌላ ሰው ሸተተኝ። ደነገጥኩ። እስር ቤት የሰው ገላ ይለውጣል ብዬ ራሴን ገሠጽኩና በሚቀጥለው ሳምንት ሽቶውን እጥፍ አድርጌ ቀባሁት። ሸጋ ሆኖ ተመለሰ። ሽቶው ብቻ ሸተተኝ፤ ደስ አለኝ።

እንዲህ እያልኩ ከአራት ወር በላይ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ዘበኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አንቺ፣ ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። የመጨረሻ ሸሚዟን ከእነጠርሙሱ በነጠላ ጠቅልዬ ያልዞርኩበት የለም። ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ሳንጃ ገበያ ከአንዲት ሴት አጠገብ ቅቤዬን ዘርግቼ ጥቅሉን ፈታሁት። ሴትዮዋ የያዘችው ሰሊጥ ከእጇ ፈሰሰ።

«እናቴ፣ ይኼን ሽታ ከየት አመጡት?»

ነገርኳት። እግሬ ላይ ወደቀች። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ታስራ ነበር፤ ነፍሰ ጡር፣ ጠያቂ የሌላት። እስክትፈታ ድረስ የልጄ ስም ሲጠራ «አቤት» እያለች ስንቁን ስትበላ፣ ሸሚዙን ለብሳ አሳድፋ ስትመልስልኝ የነበረች እሷ ናት።

ልጄንማ የወሰዷት ሽቶውን በላክሁላት በሦስተኛው ቀን ነው።